ቡናን የከሰሰው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁሉ የሞላው፣ እንቅልፍ ብቻ የጎደለው። «አገር ብለውጥ እንቅልፍ አገኝ ይሆን?» ብለህ ስትጠይቀኝ እሱ ትዝ አለኝ።

ከብቱ ውሃ ሲወርድ ወንዙ ይጎድል ነበር ይላሉ፤ እኔ ቀንሼ ነው የምነግርህ። ከዚያ ሁሉ መንጋ ግን አንዲቷ ላም የሱ አልነበረችም። ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፣ ያቺው ላም ብቻ። ላሚቱ ጠፍታ ከመንጋው ተቀላቀለች። ባልቴቲቱ ብትጠይቀው በሽማግሎች ፊት «የኔ ናት» ብሎ ማለ። ምስክር የላትምና ተፈረደባት።

ቡና ደግሞ ጎረቤት ሳይጠሩ አይጠጣም። ከፍርዱ በኋላም ሚስቱ እንደ ልማዷ ትጠራታለች፤ ባልቴቲቱም ትመጣለች። ስለ ላሟ ትንፍሽ አትልም። ሦስተኛውን ጠጥታ ስትነሳ «ቡና አጣጪ አያሳጣህ» ብላ ትመርቀዋለች። ላሚቱ ድምፅዋን ስትሰማ ከበረት ሆና ትጮኻለች።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በየት በኩል ይምጣ? ሰውየው ሲገላበጥ የአልጋው ጠፍር ሰባት ጊዜ ተበጠሰ። የሦስት መንደር ቁንጫ ስትዘል ይሰማው ጀመር። በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘ።

«የገደለኝ ይሄ ቡና ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሻይ» አለ።

«ቡናው ምን አደረገህ? አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ጠጥተው እንደ ግንድ ይተኙ አልነበረም?» አለችው ሚስቱ። አልሰማትም።

ሻይ ጎረቤት አያስጠራም። ብቻውን ቀድቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣዋል። በቀን አርባ ብርጭቆ ጠጣ፤ ስኳሩን የሚጭኑት አህዮች ወገባቸው ጎበጠ።

ከሳምንት በኋላ ባልቴቲቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ጀበናው ተሰበረ እንዴ፣ ጌታው?»

«እንቅልፍ እየነሳኝ ተውኩት፣ እትዬ።»

«የሚነሳህ እሱ ከሆነስ ደግ» ብላ ተመለሰች።

ሰውየው አልተኛም። ሻዩን አቀጠነው፤ አልተኛም። ስኳሩን ተወ፤ አልተኛም። በሦስተኛው ወር ልቡ ተሸነፈ። አንድ ጠዋት ሚስቱን «ቡና አፍዪና እትዬን ጥሪያት። ላሟን ከነጥጃዋ እሰጣታለሁ» አላት።

ሚስቱ ቡናውን ጥዳ ልትጠራ ወጣች። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

«ሞታ አገኘኋት» አለች። «ከሞተች ሦስት ቀን ይሆናታል። ቀረች ብሎ የሚጠይቅ አጣጪ ከኛ በቀር አልነበራትም።»

ቡናው ገነፈለ፤ የሚያወጣው ጠፋ። ላሚቱን ለማን ይመልስ? ይቅርታውን ማን ይቀበለው?

የኔ ልጅ፣ አገር መለወጥ የምትለው ያንተ ሻይ ነው። በወንድምህ ላይ በሐሰት መሰከርክ፤ እንቅልፍ ሲርቅህ በአገሩ አየር ታላክካለህ። የትም ብትሄድ ያው ነህ፤ ወንድምህ ግን እስክትመለስ ይቆይህ አይቆይህ እኔ አላውቅም። ሳጫውትህ ብዙ ጨማምሬያለሁ፣ አመሌ ነው። ሰውየው እስኪሞት አልተኛም ስልህ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም።