ያልተሰናበተው ምስክር

በአንድ ወቅት፣ በሰንበሌጥ በር ፍርድ ቤት፣ የምስክር ቃል በሦስት ሰው እጅ ካላለፈ ቃል አይባልም ነበር። ትርንጎ ትጽፋለች። ደምሰው በቴፕ ይቀዳል። አቶ ጥላዬ ያስምላሉ፤ በመጨረሻም የምስክሩን አውራ ጣት ሐምራዊ ቀለም አስነክተው በወረቀቱ ግርጌ ያስፈርማሉ። ከዚያ ትርንጎ «ምስክሩ ተሰናብቷል» ብላ ትጽፋለች። ያቺ መስመር ሳትጻፍ ምስክር ከግቢው አይወጣም፤ ሽንት ቤት እንኳ ቢሄድ ችሎት አስከባሪ ይከተለዋል። ደንቡ ደንብ ነው፤ ሕያው ይሁን ሌላ ብሎ የሚለይ አንቀጽ አልነበረውም።

ትርንጎ ሃያ ሁለት ዓመት ጽፋለች። ገና ጀማሪ ሳለች አንድ ዳኛ «ይቺን ተያት» ቢሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትታ ነበር። በዚያች ዓረፍተ ነገር ነፃ ይወጣ የነበረው ሰው እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ምስክር ቢያስል «አሳለው» ብላ ትጽፋለች። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ እሷ ግን ያ ሰው ትዝ ባላት ቁጥር ዛሬም ታፍራለች።

አንድ ቀን ይርዳው የሚባል ወጣት መከላከያውን ሊያሰማ ቀረበ። የወፍጮ ቤት ዘበኛ ጎሕ ሲቀድ ገድለሃል ተብሏል፤ ከተፈረደበት ፍርዱ ሞት ነው። ያለው ምስክር አንድ ብቻ፣ አቶ ወንዴ የሚባሉ የቆላ ንብ አርቢ። በዚያ ቀን ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል። የይርዳው እናት ከጠዋት ጀምሮ በሩ ሥር ቆማ መንገዱን ታያለች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሲራመዱ እግሮቻቸው አይላቀቁም፤ ወለሉን እየጠረጉ ነው የሚሄዱት። በችሎቱ ውስጥ ከተከሳሹ በቀር የሚያውቃቸው የለም። «ወንዴ ነኝ» ብለው ማሉ፤ ተቀመጡ።

«ጎሕ ሲቀድ ይርዳው ከኔ ጋር ነበር» አሉ ቀጭን በሆነ ድምፅ። «ቀፎ እያወረድን። ጭሱን የያዘልኝ እሱ ነው።»

«ከወፍጮ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?» አሉ ዳኛው።

«የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ ግን ቀረበኝ።»

ዳኛው ደከማቸው ብለው ውኃ እንዲሰጧቸው አዘዙ። ሽማግሌው እጃቸውን ሳያነሡ «ውኃ ትናንት በቅቶኛል» አሉ። ትርንጎ ይህንንም ጻፈችው። ስትጽፍ ጣቷ በረዳት፤ መስኮቱ የተከፈተ መስሏት ዞር አለች። ዝግ ነው።

አቶ ጥላዬ ቀለሙን ይዘው ቀረቡና «ጣትዎን» አሏቸው። ሽማግሌው ሁለቱንም እጆች አንድ ላይ ዘረጉ። አውራ ጣቶቻቸው በነጭ ክር ታስረዋል። አቶ ጥላዬ ክሩን ፈቱ፣ ቀኝ ጣታቸውን ቀለም አስነኩ፣ አስፈረሙ። ትርንጎ የመጨረሻዋን መስመር ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሣ በሩ ተከፈተ።

የገባው ነጠላውን ያዘቀዘቀ ጎልማሳ ነው።

«ይቅርታ ጌቶቼ፤ የአቶ ወንዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ዛሬ እንዲመሰክሩ ተጠርተው ነበር። ትናንት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንዳይጠበቁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ወደ ምስክሩ ወንበር ዞሩ። ባዶ ነው። ከሥሩ ነጭ ክር ወድቋል።

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። ሰው አስመስለው አቅርበዋል፣ ቃሉ ይሰረዝ አለ። «እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ ዳኛው፤ «ግን በጆሮዬ አልፈርድም፤ ይግባኝ ሰሚው የሚያየው መዝገቡን ነው። ነገ ጠዋት ወረቀቱ፣ ካሴቱና የጣት አሻራው የአቶ ወንዴ መሆናቸው ከተረጋገጠ እቀበላለሁ። አንዱ ከጎደለ ምስክር አልቀረበም።»

ዐቃቤ ሕጉ ትርንጎን ኮሪደር ላይ ጠበቃት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእሷም አዝኖ ነበር። «‹ማንነቱ ያልታወቀ ሰው› ብለሽ አርሚው። አለዚያ የሐሰት መዝገብ ጽፈሽ ልትገኚ ነው፤ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ልጅ አለሽ።» ልጇን አሰበች፤ ያን እስር ቤት የሞተውንም ሰው አሰበች። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ «ቃሉ የአቶ ወንዴ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ሙሉ ስሟን ፈረመችበት። «በይ እንግዲህ» ብሎ ዐቃቤ ሕጉ ሄደ።

ደምሰው ካሴቱን መልሶ አዳመጠው። የዳኛው ጥያቄ አለ፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታ አለ። መልስ በሚኖርበት ቦታ ግን ከሩቅ የሚመጣ የንብ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ይህ ደምሰው በሻይ ሰዓት የዳኞችን ድምፅ እያስመሰለ ግቢውን የሚያስቅ ቀልደኛ ነው፤ ሁለት ጊዜም ደመወዙ ተቆርጦበታል። ያን ቀን ግን ሳይስቅ በሩን ዘጋ። የትርንጎን ጽሑፍ ቅጂ ፊቱ ዘርግቶ፣ በየባዶው ቦታ በሽማግሌው ቀጭን ድምፅ መልሱን ሞላ። አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አንዲትም አልቀነሰም።

አቶ ጥላዬ አሻራውን ሊያመሳክሩ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ቆላ ወረዱ። ደርሰው ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል «ከፈኑ ይፈታልኝ» አሉ። ለቀስተኛው ጮኸባቸው፣ ካህናቱ ገሠጿቸው፤ ልጁማ አካፋ አነሣ። እሳቸው ግን እንባቸው እየወረደ እምቢ አሉ። «አንድ ወጣት ነገ ሊፈረድበት ነው፤ አባትህም ለሱ ብለው መጥተዋል» አሉት። ተፈታ። ትናንት የታጠበው፣ የተገነዘው ሬሳ ቀኝ አውራ ጣቱ ሐምራዊ ነው። ክሩም የለም። አሻራውን በወረቀት ወሰዱ፤ ከዚያ ከችሎቱ ወለል ያነሡትን ክር ከኪሳቸው አውጥተው ጣቶቹን መልሰው አሰሩ።

በማግስቱ ለትርንጎ ሲነግሯት «ሚስቴን የገነዝኳት በዚሁ እጄ ነው» አሏት። «እጄ ክሩን አውቆት ነበር። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ፣ አሻራዎቹን አስተያዩ፣ ካሴቱን አስከፈቱ። ትርንጎ ገና በመጀመሪያው መልስ የደምሰውን ትንፋሽ ለየችው። ቀና ብላ አየችው፤ አቀረቀረ። አንዲት ቃል ብትናገር ይርዳው ይሞታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰማችውን ሁሉ ስትጽፍ የኖረችው ሴት ይህንን የሰማችውን አልጻፈችም።

ይርዳው ነፃ ወጣ። እናቱ ደጁ ላይ ተደፍታ መሬቱን ሳመች፤ አብረው የመጡት ሰዎች አንሥተው ይዘዋት ሄዱ። ዳኛው መዝገቡን ለሦስቱ ሰጥተው «የቀረችውን መስመር ጻፉና ዝጉት» ብለው ወጡ።

አራት ሰዓት ሆነ። የምስክሩ ወንበር ሲጥ አለ። አቶ ወንዴ ተቀምጠዋል፤ አውራ ጣቶቻቸው ታስረዋል።

«አላሰናበታችሁኝም» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ደክሟቸዋል። «ልጄ አፈር አልብሶኛል፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

ትርንጎ መዝገቡን ገለጠች። «አሁን እንጽፍልዎታለን አባባ» አለች።

«ከሦስታችሁ ከሁሉ ይበልጥ ቃሌን ያጸናልኝ ሰው ይጻፈው። ሌላ ሰው ቢጽፈው መሄጃ የለኝም።»

በገጹ ግርጌ ባዶ የቀረችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ከመዝገብ ላይ ደግሞ አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም።

«እትዬ ትርንጎ ትጻፍ» አለ ደምሰው። «እሷ ባትፈርም እኔ ምን አነብ ነበር?»

«እኔ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አለች። «ጋሽ ጥላዬ፣ እርስዎ ይጻፉ። ከሦስታችን ያልዋሹት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔ ደግሞ ሬሳቸውን በልጃቸው ፊት አስፈትቻለሁ» አሉ አቶ ጥላዬ። «ልጁም ረግሞኛል። ደምሰው ነው እንጂ፤ እሱ ባይሞላው ካሴቱ ባዶ ነበር።»

«እኔ በአፋቸው ዋሽቻለሁ» አለ ደምሰው። «የተናገሩት እውነት ነው፤ ድምፁ ግን የኔ ነው።»

ሽማግሌው አንዱንም ሳያቋርጡ አዳመጡ። ብዕሩን ያነሣ ስላልነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ችሎት በተሰየመ ቁጥር በአራት ሰዓት መጥተው ይቀመጣሉ። ሌላው ሰው የወንበሩን ሲጥሲጥታ ብቻ ይሰማል፤ አናጢ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ምንም አላገኘበትም። ትርንጎ ግን ታያቸዋለች። ከቀን ወደ ቀን ትከሻቸው እየጎበጠ ነው፤ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታላቸው ትሄዳለች።

መዝገቡ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነው፤ ብዕሩም ከጎኑ። እናንተ ሰሚዎች በሦስቱ ፍረዱ፤ ስትፈርዱም አንድ ደካማ ሽማግሌ ተቀምጠው የእናንተን ቃል እየጠበቁ መሆኑን አትርሱ። እስር እያስፈራራት ስሟን ያስቀመጠችው፣ እውነቱን በውሸት ድምፅ የሞላው፣ ወይስ እውነቱን ፍለጋ የሙት ክብር የደፈሩት፦ ብዕሩን ማን ያንሣ?