ነጋሪትና እምቢልታ በጓንጉል ደጅ

«ተረት ተረት።»

«የደጅ ውሻ ጩኸት።»

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ገበሬ አልሁ እንጂ፣ ከእጁ ይልቅ አፉ ነበር የሚሠራው። ሚስቱ እንጓች ትባላለች። እርሷ ደግሞ ሥራ እንጂ ወሬ አታውቅም። እንዴት ተጋቡ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ያጋቧቸው ሰዎች ሞተዋል።

ታዲያ ይህ ጓንጉል አንድ ቀን ከአማቹ ቤት ሁለት ቡችሎች ይዞ መጣ። ጥርሳቸው ገና አልጠነከረም፤ ድምፃቸው ግን ጠንክሯል። አንዱን ነጋሪት አለው። ሌላውን እምቢልታ አለው።

እንጓችም፦ «ለቡችላ እንዲህ ያለ ስም ምን ይሆናል?» አለችው።

እርሱም፦ «የትልቅ ሰው ደጅ በድምፅ ይታወቃል። መንገደኛ ሲያልፍ፣ ይህ የማን ቤት ነው ይበል» አላት።

«እሱንስ ይላል። ቀጥሎ የሚለውን ነው የምፈራው» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያም ጓንጉል ቡችሎቹን ከአጥሩ በር፣ ከመንገዱ ዳር፣ በአጭር ገመድ አሰራቸው። ጥላ የለ። ውሃ የለ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ትቀቅላቸዋለች። መንገደኛ ሲያልፍ ይጮኻሉ። ዶሮ ስታልፍ ይጮኻሉ። ቅጠል ሲረግፍ ይጮኻሉ። ጨረቃ ስትወጣ ይጮኻሉ። ሳትወጣ ስትቀርም የት ሄደች ብለው ይጮኻሉ።

ጓንጉልስ ምን ያደርጋል? ከቤት ዘሎ ይወጣና፦ «ዝም! ዝም በሉ! እናንተ የጅብ ራት!» እያለ እርሱም ይጮኻል። ቡችሎቹም ጌታችን አገዘን ብለው ይብሳሉ። ሲደክመው እንጀራ ቆርሶ ይወረውርላቸዋል። ያን ጊዜ አፋቸው ይሞላና ዝም ይላሉ። እርሱም ደረቱን ነፍቶ ይገባል።

«አየሽ? ጌታቸውን ይፈራሉ» ይላታል።

ጋቢውን አስተካክሎ ሳይቀመጥ ደግሞ ይጀምራሉ።

ጎረቤት እንቅልፍ አጣ። ከታች ስንዱ የምትባል አራስ ነበረች። ልጇን አስተኝታ ጎኗን ልታሳርፍ ስትል ነጋሪት ይጎሰማል፣ እምቢልታ ይነፋል፣ ሕፃኑም ሦስተኛ ሆኖ ይገባበታል። ከላይ ደግሞ አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በመንደሩ ደቦ የሚወጣው እሳቸው ሲሉ ነው። እሳቸውም ዐይናቸው ቀልቶ፣ እርፉን ይዘው እያንቀላፉ ያርሱ ጀመር። ትልማቸው እባብ የሄደበት መሰለ።

ስለዚህ አያ ቸኮል ወደ ጓንጉል መጡና፦ «አንተ ጓንጉል፣ እነዚህን ነገሮችህን አንድ በላቸው እንጂ» አሉት።

ጓንጉልም፦ «አያ ቸኮል፣ ውሻ መጮኹ ሥራው ነው። እርስዎ ጆሮዎን በጋቢ ይሸፍኑ» አላቸው።

ሽማግሌው ዞረው ሄዱ። እንጓች ግን አካሄዳቸውን አይታ ፈራች።

ከዚያም የጓንጉል ጤፍ ደረሰ። ነጭ ጤፍ ነው። ያረመችው እንጓች ናት። የዓመት ጉርሳቸው እርሱ ብቻ ነበር። ጤፍ ደግሞ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ይረግፋል። ያለ ወራቱ ዝናብ ከመጣበትም ተኝቶ ይበሰብሳል። ባልና ሚስት ብቻቸውን አይችሉትም። በዚያ አገር አጨዳ በደቦ ነው። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

ጓንጉል ደቦ ጠራ። እንጓች ጠላ ጠመቀች። በጠዋት ከማሳው ዳር ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ ወጣች። ሰው አልወጣም። ጓንጉል እየሮጠ ወደ አያ ቸኮል ቤት ሄደ። እንጓችም ተከተለችው።

«አያ ቸኮል፣ ደቦዬን ረሱት እንዴ?»

«አልረሳንም።»

«ታዲያ ሰው የታለ?»

«ተኝቷል። ሌሊት አልተኛማ።»

«ጤፌ እየረገፈ እኮ ነው!»

አያ ቸኮልም፦ «ደጅህ ላይ ሁለት ጎበዞች አሉህ አይደል? ሲያስገመግሙ እዚህ ድረስ ይሰማል። እነርሱ ይጨዱልህ» አሉት።

ስንዱ ልጇን አዝላ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ነበር። እርሷም፦ «እምቢልታ ይጨድ፣ ነጋሪት ነዶ ይሸከም! ጋሼ ጓንጉል ደግሞ ይዝፈንላቸው!» ብላ ሳቀች። የነቃው ሁሉ ሳቀ።

እንጓች ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አያ ቸኮልም ወደ እርሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባንቺ አልተቀየምንም። ግን ዐይኑ የሚጨፈን ሰው ማጭድ ቢይዝ የራሱን ጣት ነው የሚያጭደው። አንዲት ሌሊት አስተኙን። በማግሥቱ መላው መንደር ከማሳሽ ላይ ነው።»

ከዚያም ጓንጉል ዘዴ ፈለገ። ዘዴው ምን ነበር ብትሉኝ፣ ዱላ። ደበደባቸው። በፊት ለመንገደኛ ይጮኹ ነበር፤ አሁን በእርሱም ጮኹበት። ቀጥሎ አፋቸውን በገመድ ጠፍሮ አሰረ። ውሻ በፀሐይ ምላሱን አውጥቶ ካልተነፈሰ እንደሚቃጠል ያ ጅል አያውቅም። እንጓች ደርሳ ባትፈታቸው በዚያው ቀርተው ነበር። ቀጥሎ ክታብ አጽፎ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለ። ነጋሪት የእምቢልታን ክታብ በላ። እምቢልታ የነጋሪትን በላ። በልተውም ጮኹ።

አንድ ቀን ጓንጉል ገበያ ሄደ። እንጓች ቤቱን በእበት ትለቀልቅ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው። ቡችሎቹ ጮኹ። በዚህ እጅ ወዴት እወጣለሁ ብላ ተወቻቸው። ግን በግድግዳው ቀዳዳ አየች።

መንገደኛው አልፎ ሄዷል። ቡችሎቹም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል። ፊታቸው ወደ ቤቱ በር ነው። ይጮኻሉና በሩን ያያሉ። ይጮኻሉና በሩን ያያሉ። ማንም አልወጣም። ጥቂት ቆይተው አፈሩ ላይ ተጋደሙ።

«ወይ ጉድ!» አለች እንጓች። «እነዚህ መች መንገደኛ ጠበቁ! እንጀራ እየጠሩ ነው። ያስተማራቸውም ያ የእኔ ጉድ ነው።»

ማታ ጓንጉል ሲመጣ አስቀመጠችው።

«ስማ። ውሾቹን እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ።»

«በምን?»

«አንተን ዝም በማሰኘት።»

ጓንጉል ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም።

በማግሥቱ ቡችሎቹን ከመንገዱ ዳር ፈታቻቸው። ወደ ጓሮ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ወሰደቻቸው። ከዚያ ሆነው መንገዱ አይታያቸውም። በተሰነጠቀ ገበቴ ውሃ አኖረችላቸው። ቀን ቀን ደግሞ ከከብቱ ጋር ወደ መስክ ይዛቸው ወረደች። ሮጡ። ተንከባለሉ። የቆቅ ዱካ አሸተቱ። ሲመለሱ እግራቸው ዝሏል።

ግን ልማድ ነውና ሲመሽ ጮኹ።

እንጓችም፦ «አትነሣ» አለችው።

ጓንጉል ቁጭ አለ። ቡችሎቹ ማንም አለመውጣቱን ሲያዩ ባሰባቸው። ጓንጉል ተቁነጠነጠ። ጋቢውን ጣለ። ጋቢውን አነሣ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቼ ልገሥፃቸው።»

«አትነሣ።»

«ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እስከ ዛሬ ሲልህ የኖረውን ይልሃል።»

እንጓች እሳቱን ልትቆሰቁስ ጎንበስ ስትል፣ ሰውዬው ከሌማቱ እንጀራ መንትፎ ወጣ። ወረወረላቸው። ዝም አሉ። ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

«አየሽ?»

«አየሁ» አለችው። «ድሮ ጥቂት ጮኸው ይበሉ ነበር። አሁን አብዝቶ የጮኸ እንደሚበላ አስተማርሃቸው። በዚህ ቤት ሁለት ቡችሎች ያሉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሦስት ናችሁ።»

በማግሥቱ በምሥራቅ በኩል ደመና ቋጠረ። እንጓች ወደ ማሳው ወርዳ ጤፉን ዳበሰችው። ፍሬው መዳፏ ላይ ረገፈ። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያም ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣችና፣ ቤት ገብታ ሽንብራ ቆላች።

ሲመሽ ቆሎውን በሰፌድ አድርጋ ለጓንጉል ሰጠችው። ሌማቱን ከኋላዋ አድርጋ እርሷ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ብላ» አለችው። «አፍህ ሥራ ይፈልጋል። ከዚህ በር የምትወጣው በእኔ ላይ ተራምደህ ነው።»

ቡችሎቹ ጮኹ። ጓንጉል ቆረጠመ። ቡችሎቹ አብልጠው ጮኹ። ጓንጉል እያላበው ቆረጠመ። ሊናገር አፉን ሲከፍት እንጓች ዐይኗን ታጉረጠርጥበታለች። መልሶ ይቆረጥማል። ከዚህ በፊት እርፍ ይዞ እንኳ እንዲህ አልቦት አያውቅም።

ከዚያም እምቢልታ ደከመው። ነጋሪት ብቻውን ጥቂት ጎሰመ። እርሱም ተወው። እንጓች ወዲያው አልተነሣችም። ዝምታው እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያም ቀስ ብላ ወጣችና፣ ቃል ሳትናገር እንጀራውን ከፊታቸው አኖረች። ተመለሰች።

በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ሲጮኹ በሩ ዝግ ነው። ዝም ሲሉ ይከፈታል። አንድ ምሽት ብቻ ጅብ ወደ በረቱ ተጠግቶ ጮኹ። የዚያን ጊዜ እንጓች ችቦ ይዛ ወጣች። ጅቡ ሸሸ። «ጎሽ!» ብላ ራሳቸውን ዳበሰቻቸውና ዝም አሉ። የውሻ ጩኸት ለዚህ ነው፤ ለቅጠል አይደለም። ቡችሎቹም ነገሩ ገባቸው። ከጓንጉል በፊት ገባቸው፤ ይህ አያስገርምም።

ደመናው ገና ሳይዘንብ መንደሩ ተኛ። ስንዱ ተኛች። ሕፃኑ ተኛ። አያ ቸኮል ዶሮ ሲጮኽ እንኳ አልሰሙም። ሲነጋ ማጭዳቸውን ይዘው በጓንጉል ጓሮ አለፉ። እምቢልታ ቀና አለ። ሊጮኽ አፉን ከፈተ። በሩን አየ። ማንም የለም። አገጩን መልሶ መሬት ላይ አኖረ።

አያ ቸኮልም፦ «ተመስገን። ይህስ ከጌታው ቶሎ ሰው ሆነ» ብለው ወደ ማሳው ወረዱ።

መላው መንደር ወጣ። ቃል ቃል ነው። ጤፉ ታጨደ። ነዶው ተከመረ፤ በሣርም ተከደነ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ መጣ። ምን ያደርጋል! በክዳኑ ላይ ወርዶ ሄደ። ሰዉም ከዝናቡ ሸሽቶ ወደ ጓንጉል ቤት ገባና ጠላ ሊጠጣ ተቀመጠ።

ጓንጉል ግን አልተቀመጠም። ዋንጫውን ይዞ መካከል ቆመ።

«እናንተ ሰዎች! ውሻ እንዴት እንደሚገራ ከእኔ ተማሩ! ዐይን ዐይናቸውን አየኋቸው፤ በቃ፣ ጸጥ! አባቴም እንዲሁ ነበር! አያቴማ በሬ እንኳ በዐይኑ ያቆም ነበር!»

እንጓች ትቀዳለች። ለአያ ቸኮል ቀዳች። ለስንዱ ቀዳች። ጓንጉል ዋንጫውን ዘረጋ። አፉ ግን አልቆመም። እንጓች አልፋው ለሚቀጥለው ሰው ቀዳች።

«እንጓች! ዘለልሽኝ እኮ!»

እንጓች ለሌላው ቀዳች።

«የቤቱ ጌታ እኔ አይደለሁም እንዴ? ጤፉ የማን ነው?» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። ደግማ አለፈችው። ጨርሶ ጮኸ። ደግማ አለፈችው። ስንዱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ቸኮል ጢማቸውን እያሹ ጣራ ጣራውን አዩ።

በመጨረሻ ጓንጉል ደከመው። ዙሪያውን አየና ተቀመጠ። ባዶ ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ።

እንጓች ወዲያው አልመጣችም። ዝምታው እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያም ቀስ ብላ መጣችና፣ ቃል ሳትናገር ዋንጫውን ሞልታ ቀዳችለት።

እኔም እንግዲህ ዝም አልሁ። ተረቴን መልሱ። ዝምታዬ እስኪረጋ ጠብቁና፣ ከዚያ አፌን በአንድ እፍኝ ሽንብራ ቆሎ ዝጉልኝ።