የሞተሩ ተዝካር

እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች፣ አንድ ሰው ሳያጣራ ሲፈርድ የምንወረውራት ተረት አለችን። እንግዳ ሲሰማት ስለ በሽተኛ የተነገረች ይመስለዋል። ተሳስቷል። ሞተ የተባለው ሰው አልነበረም፤ የጀልባ ሞተር ነው።

ሞተሩን የገዛው የመንደሩ ሰው አዋጥቶ ነበር። ጀልባዋን የምትነዳው የሻረግ ናት። አባቷ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ስለነበሩ ካቻቢቴ ይዛ ያደገች፣ ምላሷም ከእጇ የማይዘገይ ሴት ነበረች። ክረምት ሲገባ ማዕበሉ ስለሚያይል ጀልባዋ እስከ መስከረም ትቆማለች። ታዲያ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሻረግ የጀልባ ማኅበሩን ሊቀመንበር አቶ ደምለውን እንዲህ አለቻቸው፤

«ሞተሩ ከመቀመጡ በፊት ውስጡ ያለው ቤንዚን ተቃጥሎ ይለቅ። ካንዴላዎቹን ፈትቼም ዘይት ላጠጣው።»

«ቤንዚን በጠፋበት ዘመን ቤንዚን ልታቃጥይ? ጡር አትፈሪም?» አሏት። ሞተሩንም ቤንዚኑን በሆዱ እንደያዘ መጋዘን አስገብተው አዲስ ጋቢ አለበሱት። ሞተር እንደ ሰው ብርድ የሚመታው መስሏቸው ነበር።

መስከረም ጠባ። ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ ታሰረ፣ ገመዱ ተሳበ። ዝም። የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ በተራ ሳበ፤ አንደኛው ትከሻው ሊወልቅ ምንም አልቀረው። አቶ ደምለው ጠጋ ብለው እንኳ ሳያዩ «ሞቷል» ብለው ፈረዱ።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ በሦስተኛው ቀን መኳንንት የሚባል ነጋዴ ከማዶ በራሱ የሞተር ጀልባ ከተፍ አለ። እዚያው ከመንደሩ የገዛውን ቀይ ሰንጋ እየሳበ ሕዝቡ መሀል ቆመ።

«ሞተሩን ለብረቱ ያህል ልውሰድላችሁ፤ እናንተ ይህን ለመስቀል እረዱት» አለ።

ሥጋ ከተባለ ማን ይጠይቃል! የማኅበሩ ጉባኤ እዚያው «ይሁን» ብሎ ወሰነ። ሞተሩ ገና ሳይፈታ ሰዉ ቅርጫ መደበ። ሻኛው ለማን ይድረስ በሚለው ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው ነበር።

የሻረግ ግን ያሰበችው ሌላ ነበር። እህቷ ወሯ ገብቷል። ምጥ ቢመጣ ጤና ጣቢያው ማዶ ነው፤ በየብስ እንዳይኬድ ወንዙ ሞልቷል፣ በመቅዘፊያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አምና ጎረቤታቸው በታንኳ ስትወሰድ ምጥ ጠንቶባት ማዶ ሳትደርስ ቀርታለች።

የመኳንንት ሰዎች ሞተሩን ሊፈቱ ሲጠጉ፣ የሻረግ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና ሞተሩን ጥምጥም አለችበት።

«ወግጂ አንቺ ሴት! ጉባኤው ወስኗል» አሉ አቶ ደምለው።

«የወሰነው ጉባኤው አይደለም፣ ሆዳችሁ ነው! ከወሰዳችሁት እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ!» ወደ ነጋዴውም ዞረች። «አንተስ መኳንንት፣ ለሚቀልጥ ብረት ነው ጀልባህ ላይ ፍራሽ ያነጠፍክለት?»

ነጋዴው ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። ይህን ያዩት ከፈረስ ፀጉር የተሠራ የዝንብ ጭራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ እንየው ናቸው።

«ተዉአት» አሉ። «የሞተ ከሆነ ብትነካካው ምን ይሆናል? አንተም ልጄ፣ ከጀልባህ ትንሽ ቤንዚን ቅዳላት።» መኳንንት ሊያንገራግር ፈልጎ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ግን ቀዳ።

የሻረግ የሞተሩን ክዳን አንስታ ካርቡራተሩን ፈታች፤ ሰው ፊትም ከፈተችው። ክረምቱን ሙሉ የተኛው ቤንዚን ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሆኗል።

«ይኸውላችሁ ጉሮሮው! ቤንዚን የሚውጥባት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ አታክልም። ታንቆ ነው እንጂ አልሞተም።»

ሁሉንም በአዲሱ ቤንዚን አጠበችው። ቀዳዳዋ ግን አልከፈት አለች። በመርፌ ቢወጓት ትሰፋለች፤ ስትሰፋ ደግሞ ሞተሩ ይበላሻል። ወደ ሽማግሌው ሄደችና «አያ፣ ከጭራዎ አንድ ፀጉር ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አያ እንየው ግን ወፈር ያለውን መርጠው ነቀሉላት። የፈረሱ ፀጉር እየተገፋ ገብቶ ወጣ። የሻረግ እፍ አለችበትና ወደ ፀሐይ አቅንታ አየች። ብርሃን አለፈ።

መልሳ ገጠመችው፤ አሮጌውንም ቤንዚን አስወግዳ አዲሱን ጨመረች። አንድ ጎረምሳ ገመዱን ልሳብልሽ ቢላት «እጄ አልተቆረጠም» አለችው። ሳበች። ዝም።

«በቃ፣ ሰንጋው ይታረድ!» አሉ አቶ ደምለው።

ደግማ ሳበች። ሞተሩ አሳለ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። በሦስተኛው ሲጮኽ ዳር ላይ የነበሩት ወፎች ብር ብለው ተነሡ። ቅርጫ ሲመድብ የዋለው ሕዝብ እልል አለ፤ ሰው ምን ያፍራል! መኳንንት ሰንጋውን እየጎተተ ገዢ ፍለጋ ሄደ።

«ከእንግዲህ ሰኔ ሲደርስ ማንንም አላስፈቅድም» አለች የሻረግ፣ ገመዱን እንደያዘች። «ቤንዚኑን አቃጥዬ፣ ዘይት አጠጥቼ ነው የማስተኛው። የሚከለክለኝ ካለ አሁኑኑ ይናገር!»

አቶ ደምለው መሬት መሬት እያዩ «እኔማ የሞተ መስሎኝ ነው» ሲሉ፣ አያ እንየው ቀና ብለው አዩአቸውና «አይ ደምለው፣ ጉሮሮውን ሳያዩ ተዝካሩን አይበሉም!» አሏቸው።