የባሕሩ ሻይና አሥራ አንዱ ኮከቦች

ተረቴ ከባሕር መጣች፤ በባቡር መጣች፤ ቲኬት አልቆረጠችም። ጠጋ በሉላት።

ድሬዳዋ ውስጥ ባሕሩ የሚባል ጡረተኛ መርከበኛ ነበር። ቃል አያበዛም። ከሠላሳ ዓመት የባሕር ሥራ የተረፈው ሳሎኑ ውስጥ የቆመ አንድ የመስታወት ገንዳ ነው። ገንዳው ጨዋማ ውሃ፣ ሁለት ዓሣና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እንደ አበባ የሚፈካ ኮራል አለበት። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ባሕሩ ገንዳው ፊት ይቀመጥና አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። ሌላ ነገር አይፈልግም።

አንድ ቀን ከድንጋዩ ሥር ትንንሽ ነገሮች ወጡ። ከምስር ክክ አይበልጡም። ድንጋዩ ከጅቡቲ ሲጫን ተደብቀው አብረው የተሳፈሩ ናቸው። ሚስቱ አሰገደች ምን እንደሆኑ ጠየቀችው። ትል ነው ቢላት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን በስማቸው ጠራቸው፤ የባሕር ኮከብ ናቸው አላት።

አሰገደች ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠች። ሊጋቡ ሲሉ ኮከብ ቆጣሪ ቆጥሮላቸው ነበር። የሷ ኮከብ እሳት፣ የሱ ውሃ ወጣ፤ አብራችሁ አትዘልቁም ተባሉ። ይኸው አለመዝለቃቸውን ሲጠብቁ አርባ ዓመት ሆናቸው። አሁን ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያስኬደች ቆጠረች።

«እኔ አንድ እሳት ነኝ። ያንተ የውሃ ወገን አሥራ አንድ ደርሷል። በገዛ ቤቴ ተበልጬ ሻይ አላፈላም። ይውጡ።»

ባሕሩም ሌላ ስጋት ነበረው። አንዳንዱ ኮከብ ኮራል ይበላል ሲባል ሰምቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ መስታወት ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ ከመላስ በቀር ነገር አይነካም ይባላል። እነዚህ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አያውቅም። ጎንበስ ብሎ፣ እባካችሁ ውጡ አላቸው። ኮከቦቹ እንደተለጠፉ ቀሩ።

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የባሕር ዓሣ የሚያረባው ሮብሌ፣ ኮከብ የሚበላ፣ ሽሪምፕ የሚባል ባለ ነጠብጣብ የባሕር ፍጥረት ማሰሮ ውስጥ አለው። ባሕሩ እሱ ዘንድ ሄደ።

«ሽሪምፕህን ስጠኝ፤ ኮከቦቹን ይብላልኝ። ኮከብ አልወጣ አለ፤ አሰገደች ሻይ አላፈላ አለች።»

ሮብሌ ለመስጠት አልሰሰተም። ችግሩ ድመቷ የማሰሮው ክዳን ላይ ተኝታለች፤ የነካትን ሁሉ ትቧጭራለች።

ባሕሩ ድመቷን፣ ከክዳኑ ውረጂ አላት። ሽሪምፕ አልወጣ አለ፤ ኮከብ አልወጣ አለ፤ አሰገደች ሻይ አላፈላ አለች። ድመቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችውና መልሳ ከደነችው። የፍየል ወተት ካልሸተታት አትነሣም አለ ሮብሌ፣ በእጁ ላይ ያለውን ጭረት እያሳየ።

ፍየል ያላት ኢፍቱ ናት። ባሕሩ ደጇ ቆሞ፣ ፍየልሽን እለቢልኝ አላት። ድመት አልወርድ አለች፤ ሽሪምፕ አልወጣ አለ፤ ኮከብ አልወጣ አለ፤ አሰገደች ሻይ አላፈላ አለች። ኢፍቱ ሳቀች። ፍየሏ ገረባ ሳትበላ ቀርበው ቢያልቧት በእርግጫ ትላለች። ገረባ ከቃሚ የተረፈው የጫት እንጨትና ቅጠል ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ በሰፈሩ አንዲት ዘለላ አልወደቀችም።

የሰፈሩ ቃሚ ጅብሪል የጫት እስሩን ታቅፎ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ አልፈታውም። ባሕሩ እሱንም ለመነው። ቃም፣ ገረባ ጣል። ፍየል አልታለብ አለች፤ ድመት አልወርድ አለች፤ ሽሪምፕ አልወጣ አለ፤ ኮከብ አልወጣ አለ፤ አሰገደች ሻይ አላፈላ አለች። ባሕሩ በዓመት የማይናገረውን በአንድ ከሰዓት ተናገረ።

«አቦ ባሕሩ፣» አለ ጅብሪል፣ «ያለ ሻይ ይቃማል እንዴ? እስቲ የአሰገደችን ሻይ አምጣልኝ።»

ባሕሩ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ለአሰገደች ሁሉንም ነገራት። ጅብሪል አልቅም አለ፤ ፍየል አልታለብ አለች፤ ድመት አልወርድ አለች፤ ሽሪምፕ አልወጣ አለ፤ ኮከብ አልወጣ አለ፤ አንቺም ሻይ አላፈላ አልሽ። እሷ ከነገሩ ሁሉ የጅብሪልን ብቻ ሰማች። ጎረቤት ሻይ ጠይቆ ይከለከላል? ወዲያው ጣደች፤ ቅርንፉድ ጨመረች፤ ፔርሙሱን ሞላች። ባሕሩ ብርጭቆውን ትንሽ ጠጋ አደረገ። ይሄ የጅብሪል ነው አለችው።

የሚጠጣውን ሻይ ለሌላ ሰው ተሸክሞ ሄደ።

ጅብሪል ሻይ ጠጣ፤ ጫት ቃመ። ገረባ ወደቀ፤ ፍየል በላች። ፍየል ታለበች፤ ድመት ወተት ሸተታት። ድመት ወረደች፤ ሽሪምፑ ወጣ። ሮብሌ ማሰሮውን ታቅፎ ከባሕሩ ኋላ ሳሎን ገባ።

አሰገደች በባሕሩ ወንበር ላይ፣ ገንዳው ፊት ተቀምጣለች። ኮከቦቹ እንዳይጨምሩ እየጠበቀች ነው። በመስታወቱ ላይ ዓመት ሙሉ ጥረግልኝ ስትለው የኖረችው አረንጓዴ ነበር፤ ኮከብ ባለፈበት ሁሉ ጠርቷል። በጠራው በኩል ኮራሉ ፈክቶ ይታያል። አንዱ ኮከብ ወጥቶበት፣ ሳይነካው ወርዷል። ይህን በዓይኗ አይታለች።

ቀና ብላ ሮብሌን ጠየቀችው፤ ይሄ ሽሪምፕ አሥራ አንዱን ሲጨርስ ምን ይበላል?

«ኮከብ።»

«እሱስ ሲያልቅ?»

«ሌላ አይበላም፣ እማማ። እኔ በየሳምንቱ ከጅቡቲ አስመጣለታለሁ።»

አሰገደች ባሏን አየች። «አሥራ አንድ ኮከብ ላስወጣ ብዬ በየሳምንቱ ኮከብ ላስገባ?»

ባሕሩ ጣቱን በመስታወቱ ላይ እያስኬደ ቆጠረ። ሮብሌም ማሰሮውን እንደታቀፈ ተመለሰ፤ ድመቷ ክዳኑን እየጠበቀችው ነበር።

«አሥራ ሁለት ሆነዋል፣» አለ ባሕሩ።

«አይቻለሁ።»

ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ባሕሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማንቆርቆሪያው ሲንጣጣ ተሰማ። ሻዩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እሳቱ ከእኔ፣ ውሃው ካንተ። ጠጣ።»

ጠጣ።

ተረቴ እዚህ ወረደች፤ ቲኬት የጠየቃት የለም።