የመምህር ዮስጢኖስ ሐውልት

አንድ ካቶሊካዊ ሊቅ ነበሩ፤ መምህር ዮስጢኖስ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጻሕፍት ከላቲን ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ ሲያስተምሩም ኖረዋል። ማለዳ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ካቴድራሉ ውስጥ ሳያስቀድሱ ሥራ የሚባል ነገር አይጀምሩም ነበር።

እርጅና ሲመጣ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው። ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ቤታቸው ድረስ ያመጡላቸዋል። እሳቸው ግን፣ «ምነው ከሕዝቡ መሐል ሆኜ አንድ ጊዜ ባስቀደስኩ» እያሉ ይናፍቁ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይህን በሰሙ ቁጥር ሊወስዷቸው ይመኛሉ። ደግፈው እንዳይወስዷቸው እሳቸውም እግራቸውን ያማቸዋል።

አንድ ቀን ፊልጶስ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ሊጠይቃቸው መጣ። የተከበረ ዳኛ ሆኗል፤ መኪናም አለው።

«መምህር፣ የፊታችን እሑድ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አለ።

እሑድ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ባላቸውን ነጭ አልብሰው ደጅ አስቀመጧቸው። ደወሉ ተደወለ። ቅዳሴው ተጀመረ፤ አለቀም። ፊልጶስ አልመጣም።

«ሥራ ይዞት ነው፤ አትቀየሚው» አሉ መምህሩ። በሚቀጥለው እሑድም «ምናልባት ቢመጣ» ብለው ለበሱ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ።

ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው አለቀሱ። ፊልጶስም አስተባብሮ፣ ከድንጋይ የተጠረበ ሐውልታቸውን በካቴድራሉ ቅጥር ውስጥ አቆመ። በምረቃው ዕለት ለወይዘሮ ወለተሥላሴ መኪና ላከላቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ እልል አለ። እሳቸው ቀረብ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ ይህን የሚያህል ድንጋይ ዳገቱን እንዴት አወጣችሁት?» ሲሉ ፊልጶስን ጠየቁት።

«በትልቅ የጭነት መኪና ነው፣ እማማ። ለማውረድ ብቻ የስንት ሰው ጉልበት ፈጀ!»

«እሱ እኮ ቀላል ነበር» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «በመጨረሻማ ከአልጋው እኔም ብቻዬን አነሳው ነበር።»

ፊልጶስ ንግግር እንዲያደርግ ስሙ ሲጠራ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ወይዘሮ ወለተሥላሴም እንባው ሲወርድ አይተው አዘኑለት።

«በል ና፣ ገብተን እንጸልይለት» ብለው ክንዱን ያዙት።

የሞተን ሰው በድንጋይ ማቆም ብዙ ያደክማል፤ በሕይወት ያለውን ደግፎ ማቆም ግን አንድ ክንድ ይበቃው ነበር። እኛ ቀላሉን እየተውን ከባዱን ስንሠራ እንኖራለን፤ ያም ቢሆን ለሄደው ሰው አይደርስለትም። አንባቢ ሆይ፣ ከመሞቱ በፊት ልትደርስለት የሚገባህ ያንተ ሰው ማን ነው?