የቀኛዝማች ይመር ወይፈን

በወሎ፣ በአንድ አገር፣ ዝናብ ጠፍቶ ማሽላው ጠወለገ። የአገሩ ባላባት ቀኛዝማች ይመር ቆንቋና ነበሩ፤ ጭንቅ ሲይዛቸው ግን ጧት ገብርኤል ደጅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስጊዱ ደጅ ቆመው፣ «ዝናብ ከጣለልኝ ወይፈን አርጄ ሕዝቡን አበላለሁ» ብለው ተሳሉ።

ዝናቡ ጣለ፤ ማሽላው አማረ። ቀኛዝማች ግን ለወይፈኑ ሳሱ። ሕዝቡን ሰብስበው፣

«ክርስቲያን ቢያርደው ሙስሊሙ አይበላውም፤ ሙስሊም ቢያርደው ክርስቲያኑ አይቀምሰውም። አንድ ወይፈን ለሁለት ሃይማኖት እንዴት ይታረዳል? በአንድ ቢላ እስክትስማሙ ድረስ ወይፈኔ ከበረት አይወጣም!» አሉ።

ይሄኔ አንዲት ምላሰኛ ሸክላ ሠሪ ብድግ አለች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ አንድ ወይፈን ለሁለት ሃይማኖት አይታረድም።»

«አያችሁ! እሷ እንኳ ገባት» አሉ ቀኛዝማች ደስ ብሏቸው።

«እንዴታ! ገብርኤል ደጅ አንድ ወይፈን፣ መስጊዱ ደጅ አንድ ወይፈን የተሳሉትም ይህን አውቀው ነው። ከሁለቱ አንዱን አስቀራለሁ ካሉ ግን የየትኛውን እንደሆነ አሁኑኑ ይንገሩን፤ መብረቁ የመጣ ቀን ወደ ሌላኛው ደጅ ሮጠን እንድንጠለል።»