ጦጢት የምንጩን ውሃ የተመነች ጊዜ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዝናብ በጠፋበት ዘመን አራዊቱ የቀረቻቸውን አንዲት ምንጭ በብልጠቷ ለታወቀችው ለጦጢት አደራ ሰጧት። ጦጢትም ውሃው እንዳይባክን ዋጋ ቆረጠችለት፤ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ በመጣ ቁጥር አንድ የሾላ ፍሬ ይከፍላል። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለእኔ ብቻ መሰጠቱ ያሳዝናል!» እያለች ራሷን አደነቀች።

ድንቢጥ ለጫጩቶቿ ጠብታ ልትወስድ በተመላለሰች ቁጥር ሾላ ስትከፍል ዋለች። ዝሆን ግን አንዴ መጣ፣ አንድ ሾላ አስቀመጠ፣ ኩምቢውን ነከረና ምንጩን እስከ ጭቃው መጠጠው።

«ምነው አያ ዝሆን! ለሌላው አታስብም?» ብላ ጮኸች ጦጢት።

ዝሆን ግራ ገባው። «እመት ጦጢት፣ የተባልኩትን ከፍያለሁ። ዋጋው በመምጣቴ ነው እንጂ በሆዴ ነው አላልሽኝም።»

ጦጢት ከሾላው ክምር አንዱን ብትጎርስ በደረቀው ጉሮሮዋ አልወርድ አላት። ድንቢጥ ደርሳ ባዶውን ምንጭ ስታይ ጦጢት አፈረች። «አየሽልኝ ጭንቅላቴን? ውሃ ጠብቂ ብባል የሾላ ነጋዴ ሆኜ አረፍኩት» አለቻትና በራሷ ሳቀች።

ከዚያም ወርዳ ጭቃውን በጥፍሯ ስትቆፍር ሰነበተች። ውሃው ዳግም ሲፈልቅ በቅል መለካት ጀመረች፤ ጠብታ ለሚወስድ በነፃ፣ የመጀመሪያው ቅል በአንድ ሾላ፣ ቀጣዩ ሁሉ ካለፈው በእጥፍ። ዝሆንም መጥቶ ጥቂት ቅል ከጠጣ በኋላ የሚቀጥለውን ዋጋ ጠየቀ። ሲነገረው ኩምቢውን ሰበሰበና፣ «ለካ ያን ያህልም አልጠማኝም» ብሎ ሄደ።